ጎባ «እርስዎ» ያለቻቸው ልብስ ሰፊ

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ሮቤ ወርጄ ሳለ ዝናብ ያዘኝና አንድ ላውንደሪ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሠራተኛው የኤሌክትሪኩን ካውያ ወደ ጎን ትቶ፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ የጥንት የከሰል ካውያ ይዞ ፍሙን እፍ እፍ እያለ እርጥብ የሱፍ ካቦርት ይተኩሳል። ያ ሽታ፣ የጋለ ብረትና የራሰ ሱፍ፣ ከሥሩ ትንሽ የበግ፣ ከላዩ ትንሽ የከሰል፣ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ የመጣሁበት ጉዳይ ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፋ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቆሜ ቀረሁ። ሰዎች ሲያዩኝ የሮቤን ጭቃ የፈራሁ አሮጊት ነበርኩ፤ እኔ ግን ጎባ ነበርኩ፣ ልብስ ሰፊው ደስታ በረንዳ ላይ፣ ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከወለሉ እየለቀምኩ።

በንጉሡ ዘመን ጎባን የሚያስተዳድራት ብርድ ነበር። ገዥም ነበረን፣ ዳኛም ነበረን፤ ከቀትር በኋላ ጉሙ ከሳነቴ አምባ ቁልቁል ሲለቀቅ ግን ገዥውም ዳኛውም ወተት ሻጯም እኩል ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ካቦርት መስፋት የሚችል ሰው በከተማችን ከሐኪም ቀጥሎ የሚፈለግ ሰው ነበር። ያ ሰው ደስታ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ የእግር መኪናቸውን ዘርግተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ሲሠሩ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለያቸውም። ጸጉራቸው አጭር፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ሱሪያቸው በገዛ እጃቸው የተሰፋ ስለሆነ ከገዥው ሱሪ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ ነጠላም እንደ ወንድ ነው የሚያጣፉት። ፊታቸው ግን ጢም አያውቅም፤ ድምፃቸውም ከአባቴ ይቀጥናል፣ ከእናቴ ይወፍራል። ገና ሠላሳ እንኳ ያልሞላቸው ሰው ነበሩ። እንዲህ «ነበሩ»፣ «አላቸው» እያልኩ የማወራው ጎባ ያን ጊዜ እንዲህ ትላቸው ስለነበር ነው፤ ለምን እንደምትላቸው ማወቅ ደግሞ የልጅነቴ ዋና ሥራ ነበር።

ነገሩ ምስጢር አልነበረም። ደስታ ሴት ልጅ ተብለው እንደተወለዱ፣ የአንድ ሹም ሚስት ከሸዋ ደጋ ልብስ እንዲሰፉላት ይዛቸው እንደመጣች፣ ሹሙ ተዛውሮ ሲሄድ እሳቸው እንደቀሩ፣ ከቀሩ በኋላም አንድ ጠዋት ቀሚሳቸውን አጣጥፈው አስቀምጠው በሱሪ ብቅ እንዳሉ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስማቸውም ለጠያቂ የሚረዳ ስም አይደለም፤ ደስታ የሚባል ጋሪ ነጂ ሰፈራችን ነበረ፣ ደስታ የምትባል ጠላ ሻጭም ነበረች። አንድ ቀን ቧንቧ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንዳገረድ» ሲሉ ሰማሁና ምን ማለት እንደሆነ እናቴን ብጠይቃት መልሱን በቁንጥጫ ሰጠችኝ። ቁንጥጫው ቶሎ በረደ፤ ጥያቄው አልበረደም።

አማርኛ በዚህ በኩል ምሕረት የለውም። አንድን ሰው ቁጭ በል ለማለት እንኳ አስቀድሞ ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። አባቴ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው፣ በዚህ ነገር የገባበት ጭንቅ ቤታችን ውስጥ እስኪሰለች ተወርቷል። ደስታ በሱሪ ብቅ ባሉ ሰሞን ካቦርቱን ሊወስድ ይሄድና፣ በረንዳው በሰው እንደተሞላ፣ «አን...» ብሎ ይጀምርና ይቆማል። «አንቺ» እንዳይል ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሰው ሱሪ ለብሰዋል፤ «አንተ» እንዳይል ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል፤ የጀመረውን እንዳይውጠው ተሰምቷል። በዚያ ብርድ ግንባሩን አላበው ይላሉ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ «አን... አንድ ጊዜ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካቦርቴን ጨርሰውልኛል?» አለ።

ጢሙ መሸበት የጀመረ የመንግሥት ጸሐፊ አንድ ለጋ ልብስ ሰፊን «ጨርሰውልኛል?» ሲል የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን በረንዳው እፎይ አለ፤ ለካ መውጫ በር ነበረ። እርስዎ ወንድም አይደለም፣ ሴትም አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ሥጋ ሻጩ እርስዎ፣ ጋሪ ነጂው እርስዎ፣ በዕድሜ አያት የሚሆኗቸው ባሻዎች ሳይቀሩ እርስዎ አሏቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች በወንዶች በኩል፣ ሴቶች በሴቶች በኩል ሲቆሙ ደስታ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ይቆማሉ፤ ቄሱም ሕዝቡን መስቀል አሳልመው ሲጨርሱ እዚያ ድረስ ይሄዱላቸዋል። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ይህን ሁሉ ሲያይ የትልቅ ሰው ልጅ ናቸው ብሎ ገምቶ ከወንበሩ ይነሣላቸው ነበር።

ለእኛ ለልጆች ግን እርስዎ አይበቃም። ልጅ ትልቅን ሰው ሲጠራ ወይ ጋሼ ይላል ወይ እትዬ ይላል፤ ዝም ብሎ «ደስታ» ብሎ መጣራት በጥፊ ያስመታል። ታላቅ እህቴ አስካለ ብልህ ስለነበረች ሳትጠራቸው ዝም ብላ በረንዳው ጥግ ቆማ እስኪያዩዋት ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ወሬ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝምና አንድ ቀን ሰው ሳይኖር ጠብቄ በቀጥታ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ ልበልዎት ወይስ እትዬ?»

መኪናው ቆመ። ከንፈራቸው ላይ የነበረውን መርፌ አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩት። የሚቆጡኝ መስሎኝ ለሩጫ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር እንደጠየቃቸው ሁሉ ቀና ብለው ዐዩኝ።

«ጋሼ ብትይኝ ደስ ይለኛል» አሉ። ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ አየት አድርገው፣ «ግን እዚሁ በረንዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው የሌለበትን ሰዓት እያደባሁ «ጋሼ» ማለት ሱስ ሆነብኝ፤ ስላቸውም የመኪናው ፍጥነት ሲጨምር እሰማለሁ። ስለዚህ ደስታ ምን እንደሚፈልጉ ከጎባ ልጆች ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው፤ ለማንም አለመናገሬ ዛሬ ድረስ ራሴን ይገርመኛል።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን አዴ ከዲጃ የምትባል ጎረቤታችን አማርኛን እንደፈለገች ነበር የምትጋልበው። ባሏን «ሮቤ ሄዳለች» ትላለች፤ ላሟን «እግሩን አሞታል» ትላለች፤ አባቴን ያን የተከበረ ጸሐፊ «አንቺ፣ ወተት ትፈልጊያለሽ?» ስትለው እኛ ከበር ኋላ በሳቅ እንፈርሳለን። የእኛን ኦሮምኛ ስትሰማ ደግሞ እሷ በተራዋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ተካክሰን ነበር። «እርስዎ» የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ስላልተቀበለችው እኛም ሁላችን አንቺ ነበር የምንላት። እና አዴ ከዲጃ የወተት ቅሏን ታቅፋ በረንዳው ላይ ስትወጣ «አንተ ደስታ፣ ዛሬ ለምን ከሳሽ?» ትላቸዋለች። ሌላ ሰው ቢለው ጉድ ይባል ነበር፤ እሷ ስትለው ማንም ልብ አይለውም። ደስታ ግን ልብ ይሉታል፤ ፊታቸው ሲበራ ዐይቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን በኦሮምኛ ይቀጥላሉ። ደስታ ኦሮምኛን እዚያው ተወልደን ካደግነው ልጆች ይልቅ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር፤ ምክንያቱን ካደግሁ በኋላ ነው የደረስኩበት። በኦሮምኛ «አቲ» ካልክ ወንዱም አቲ ነው፣ ሴቷም አቲ ናት፤ ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ምን ነህ ምን ነሽ ብሎ አይጠይቅም። ከአዴ ከዲጃ ጋር ሲያወሩ ይቀልዳሉ፣ ትከሻዋን መታ ያደርጋሉ፣ ይጮኻሉ። ከእኛ ጋር ሲሆኑ ግን ሁሉም እየጎነበሰ እርስዎ ስለሚላቸው እሳቸውም እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። በዓል ሲመጣ ከየቤቱ ድርሻቸው በሰሐን ተከድኖ ይላክላቸዋል፤ ና አብረን እንብላ ያላቸው ሰው ግን አላስታውስም። እንዴት ብሎ ይጥራቸው?

ያ ሰውዬ የመጣው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የጭነት መኪናዎች እንደገና መመላለስ በጀመሩበት ሰሞን ነው። ረጅም፣ ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ የደጋ ሰው ነበር። ገበያው አፍ ላይ አዴ ከዲጃን አግኝቶ «ደስታ የምትባል ልብስ ሰፊ ሴት እዚህ አገር አለች ይሉኛል» ሲላት እኔ ወተት ልቀበል አጠገቧ ነበርኩ።

«ደስታ? አለች!» አለችው ደስ ብሏት። «እሱ ጎበዝ ነው። ካቦርት ትሰፋለህ። ና ላሳይሽ።»

በሰውዬው ፊት ላይ ያነበብኩትን ግራ መጋባት እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሳቄ ግን በረንዳው ዘንድ ስንደርስ ቆመ፤ ሰውዬው ባርኔጣውን ሲያወልቅ ያየሁት የደስታን ፊት ነበርና። ያው ዐይን፣ ያው አፍንጫ፣ ጢም ብቻ ተጨምሮበት። ደስታ ከመኪናቸው ላይ ተነሥተው ቆሙ።

«ወንድም ጋሼ» አሉ።

«እናታችን እየሞተች ነው» አላቸው፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። «ቀን ከሌሊት ስምሽን ትጠራለች። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ከእግር እስከ ራሳቸው ዐያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ሱሪ ግን አገር ለአገር አትታዪም። አንድ ቀሚስ ልበሺ። ለእሷ ስትዪ።»

አባቴ እዚያው ነበርና ጣልቃ ገባ። «ጌታዬ፣ እኛ እዚህ እሳቸውን እርስዎ ነው የምንላቸው» አለው።

«እርስዎ?» አለ ሰውዬው። «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋትን?»

አባቴ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ደስታ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውጥተው በጣታቸው ላይ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ። ምርጫው ለእኔ ለልጅቷ እንኳ ግልጽ ነበር፤ ወይ እናታቸውን ሳያዩ ይቀራሉ፣ ወይ ያን ሁሉ ዘመን ያጠፉትን ሴትዮ ከሣጥን አውጥተው ለብሰው በመንደራቸው ፊት ይሄዳሉ።

«መኪናው መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ በመጨረሻ።

«ቅዳሜ።»

«እስከዚያ እሰፋዋለሁ።»

ሴቶቹ የየራሳቸውን ቀሚስ ሊያውሷቸው መጡ፤ እምቢ አሉ። የጎባን ሴት ሁሉ ቀሚስ የሰፉ እጆች ለደስታ ለራሳቸው ቀሚስ ሲቆርጡ ማየት የሚያስደንቅ ነገር ነበር። የራስን ቁመት ለብቻ መለካት ስለማይቻል የሜትሩን ጫፍ እንድይዝ እኔን ጠሩኝ። «እዚህ ጋ ያዢልኝ» አሉ ትከሻቸውን እያሳዩ፣ እኔም ያዝኩ። ለወትሮው ሺህ ጥያቄ የምጠይቅ ልጅ አንድም አልጠየቅሁም።

ወንድምየው ደግሞ ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው እዚያው በረንዳ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ዐይኑን ከደስታ ላይ አያነሣም። ከሲናና ስንዴያቸውን ሸጠው የመጡ ፈረሰኞች ካቦርታቸውን ሲለኩ ያያል፤ ሴቶቹ ባሎቻቸው ሳይቆጡ ወገባቸውን ሲያስለኩ ያያል፤ ሽማግሌ ሲጎነበስ ያያል፤ አዴ ከዲጃ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ወንድም ሴትም ስታደርጋቸው ይሰማል። ከጋቢው ሥር ያለው ኮቱ ትከሻው ላይ ተተርትሮ ነበር፤ ደስታ እጃቸውን ዘረጉ፣ እሱም አውልቆ ሰጠ። ስፌቱን ሲያይ የት ተተርትሮ እንደነበር ራሱም ሊያገኘው አልቻለም። እኔ ወሬኛዋ ታዲያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። መጀመሪያ ቀን «ልበሺ፣ ተነሺ፣ ስሚ» ሲል የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ደስታን የሚያናግርበት ግስ እየጠፋው ሄደ። «ውኃ አለ?» ይላል። «ብርዱ ከበደ» ይላል። «እራት ደረሰ» ይላል። እንደ አባቴ መሆኑ ነው፤ የት እንደሚወድቅ ያላወቀ ምላስ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎባ ውርጭ ነጭ አድርጓት ነበር። የጭነት መኪናው የገብስ ጆንያ ጭኖ አደባባዩ ላይ እያጓራ ቆሟል፤ ወንድምየው ጆንያው ላይ ወጥቶ ቦታ ይዟል። ሰው ወሬ ለማየት ተሰብስቧል፤ እኔና አስካለ ከሁሉም ፊት ነበርን። ደስታ ከበራቸው ወጡ። ቀሚሱ በሕይወቴ ካየኋቸው ቀሚሶች ሁሉ በልክ የተሰፋ ነበር፤ ወገቡ ላይ አንድ የተሳሳተ መስመር የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሴቶቹ ጨርቁን እየዳበሱ ያደንቁት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ደስታ አንድ እጃቸው ጥቅላቸውን ይዟል፣ ሌላው ኪስ ይፈልጋል፣ ኪስ የለም፣ እንደገና ይፈልጋል። የሰው ገላ የተዋሱ ይመስሉ ነበር። የሚያልፉበት ሰው ሁሉ «ደህና ይግቡ፣ ደህና ይግቡ» ይላቸዋል። አዴ ከዲጃ ብቻ አቀፈቻቸውና «ነጋን ገሊ» አለቻቸው፤ በሰላም ግባ ይሁን በሰላም ግቢ ኦሮምኛው አይለይም።

መኪናው ሥር ደርሰው ቀና አሉ። ወንድምየው ከላይ ቁልቁል ዐያቸው። ቀሚሱን ያዘዘው እሱ ነው፤ ያሸነፈው እሱ ነው፤ ግን ደስ ያለው ሰው አይመስልም ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

«ሱሪህን ይዘኸዋል?» አለ።

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ የሰማ አልመሰለውም። ደስታ ጥቅሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ይዘኸዋል ወይ ነው የምልህ? እንግዲያው መንገድ ላይ ትቀይራለህ። ለእሷ የምነግራትን እኔ ዐውቃለሁ።» እጁን ዘረጋ። «ና።»

ደስታ እንደቆሙ ናቸው።

«ና እንጂ!» ብሎ ጮኸ፣ ማንም ሰው ታናሽ ወንድሙ ላይ እንደሚጮኸው፣ ተቆጥቶ፣ መኪና ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው። ያን ጊዜ ደስታ የወንድሙን እጅ ያዘና በአንድ እመርታ ወጣ፤ ጆንያው ላይ ፊቱን በወንድሙ ጋቢ ሸፍኖ ተቀመጠ። መኪናው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ቤት ስንገባ እናቴ ከጓዳ ሆና «ደስታ ሄዱ?» አለችኝ።

«ሄደ» አልኳት።

ትልቅን ሰው እንዲህ ማለት በጥፊ የሚያስመታ ነገር ነው። ከጓዳ ወጥታ ትንሽ ዐየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እሱም ጎባ ተመልሶ አልመጣም። በኋላ አንድ ሾፌር፣ በመንደራቸው በኩል ሲያልፍ ደስታ በወንድሙ ግቢ ውስጥ መኪና ዘርግቶ ሲሰፋ፣ ሱሪ እንደለበሰ፣ የወንድሙ ልጆችም አጎቴ እያሉ ሲንጠላጠሉበት ዐየሁ ብሎ ነገረን፤ እናቱን በሕይወት ደርሶላት እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። እኛ ጎባዎች ተቀይመን ነበር። ያን ያህል አክብረነው እንዴት አይመለስም እንባባል ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ እርስዎ ሆኛለሁ። ልጆቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ያከብሩኛል፣ ወንበር ይለቁልኛል፤ ክፉ ነገር አይደለም፣ አላማርርም። ግን አባቴና እናቴ ከሄዱ ቆዩ፣ አብሮ አደጎቼም አንድ ባንድ አለቁ። ጎባ ለደስታ የሰጠችው ነገር ምን ያህል እንደሚበርድ በዚህ ዕድሜዬ ነው የገባኝ፤ እሱ በጉብዝናው ዘመን ነው ያወቀው። ታላቅ እህቴ አስካለ ባለፈው ክረምት ከሞተች ወዲህ «ነይ» የሚለኝ ሰው የለም።